ዓይነቱ ያልለየለት ጠጉር

አማርኛችን ለጠጉር ስም አላነሰውም። ረዝሞ የሚወርደውን ዞማ እንለዋለን፤ ለስልሶ የሚተኛውን ሉጫ፤ ጥምዝምዝ ብሎ ራስ ላይ የሚሰበሰበውን ከርዳዳ፤ ተበጥሮ የቆመውን ጎፈሬ። ታዲያ እነዚህን ሁሉ ስሞች ይዘን መኝታ ቤት ካለው መስታወት ፊት ስንቆም፣ ብዙዎቻችን የትኛው ውስጥ እንደምንገባ ይቸግረናል። ሉጫ አይደለም። ጣት ላይ እንደ ቀለበት የሚዞር ጥቅልም የለውም። ሲታጠብ አንድ መልክ፣ ሲደርቅ ሌላ መልክ፤ ከግንባር በኩል ለስለስ፣ ከማጅራት ቁጥርጥር፣ ከአናት ላይ ደግሞ ብን ያለ። «የኔስ ጠጉር ዓይነቱም አልለየለት» ሲባል በዚህ በልደታ ግቢያችን ያልሰማ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም።

ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ስናዘጋጅ ያሰብነው ለራሳችን ጠጉር ብቻ አይደለም። ሥልጠናችንን ስንጨርስ አርባና ሃምሳ ሕፃናት ፊት እንቆማለን። እያንዳንዱ ሕፃን ደግሞ ጠጉሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለ ጠጉሩ የምንናገረው አንድ ቃል ከትምህርቱ ይልቅ ረጅም ዘመን አብሮት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ወንዶች ወንድሞቻችንም «ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን አትለፉት፤ ከታች እናንተን የሚመለከት አለበት።

ነገሩ የሚጀምረው ከቆዳ በታች ነው። እያንዳንዱ ጠጉር የሚበቅለው ቆዳ ውስጥ ከተተከለች ትንሽ ከረጢት ነው። ከረጢቷ ቀጥ ያለች እንደሆነች ጠጉሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጎበጥ ያለች እንደሆነች ግን በአንድ ወገን ያሉት ሕዋሳት ከሌላው ወገን ጋር እኩል ስለማያድጉ ጠጉሩ እየተጣመመ ይወጣል። ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢታይ የሉጫው ጠጉር ቁርጥ ወደ ክብነት ያደላል፤ የተጠማዘዘው ግን ሞላላና ጠፍጠፍ ያለ ነው።

እስከዚህ ድረስ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የሚሰማ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጠጉሩ ከተጠማዘዘ ለምን ጥቅሉ አይታይም? ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥጡ ተነድፎ ባዘቶ ሲሆን እያንዳንዱ ጭረት በየራሱ አቅጣጫ ስለተበተነ ብን ብሎ ይነፋል። ያንኑ ባዘቶ እንዝርት ላይ ስታዞረው ግን ሁሉም ባንድ አቅጣጫ ይጠማዘዝና ፈትል ይሆናል። ጠጉርም እንዲሁ ነው። ጎን ለጎን ያሉት ዘለላዎች ባንድ ልክና ባንድ አቅጣጫ ከዞሩ ተሰብስበው ለዓይን የሚታይ ጥቅል ይሆናሉ። አንዱ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ፣ አጠገቡ ያለው እንደ መጋዝ ጥርስ፣ ሦስተኛው ለቀቅ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ግን አይሰበሰቡም፤ እንደ ባዘቶ ይነፋሉ። እንግዲህ ዓይነቱ አልለየለትም የምንለው ጠጉር ጥምዝ የጎደለው አይደለም። ጥምዙ ሞልቶታል፤ ጎረቤትና ጎረቤት አልተስማሙም እንጂ።

ከዚህ ጠባዩ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

የመጀመሪያው ድርቀት ነው። የራስ ቆዳ ወዝ ያመነጫል። በሉጫ ጠጉር ላይ ይህ ወዝ እንደ ውኃ በቧንቧ እየተንሸራተተ ጫፍ ይደርሳል። በተጠማዘዘ ጠጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው እየተያዘ ሥሩ አካባቢ ይቀራል። ሥሩ ወዛም፣ ጫፉ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ስብራት ነው። ሽቦን አንድ ቦታ ላይ ደጋግመን ስናጥፍ የት ላይ እንደሚሰበር እናውቃለን፤ ይህም ጠጉር የሚሰበረው ከመታጠፊያው ነው፣ መታጠፊያው ደግሞ ብዙ ነው። ሦስተኛው መኮማተር ነው። ይህ ጠጉር ሲደርቅ ከእውነተኛ ርዝመቱ ከግማሽ በላይ ሊያጥር ይችላል። ማበጠሪያ ላይ ከቀረ ጠጉር አንድ ዘለላ አንሥተን ብንለካው፣ እንደተኮማተረ ግማሽ ስንዝር የማይሞላው ሲሳብ ስንዝር ሊያልፍ ይችላል። «ጠጉሬ አላድግ አለኝ» የምትለው ጓደኛችን ይህን ትሞክር። የሰው ጠጉር በወር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የተጠማዘዘው ከዚህ በጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ከሥሩ እያደገ ከጫፉ ስለሚሰበር ነው ባለበት የቆመ የሚመስለው።

ይህ ሁሉ ችግር ብቻ ይመስላል? አይደለም። ቲና ላሲሲ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2023 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት አለ። ሙቀት የሚለካ አሻንጉሊት ሰው ላይ ከሰው ጠጉር የተሠራ ሉጫ፣ መካከለኛና በጣም የተጠማዘዘ ዊግ እያለበሱ እንደ ፀሐይ በሚያቃጥል መብራት ሥር አስቀመጡት። የራስ ቆዳን ከሙቀት ይበልጥ የጠበቀው በጣም የተጠማዘዘው ሆነ። ብን ብሎ መቆሙ በቆዳውና በፀሐዩ መካከል አየር ይዞ እንደ ጥላ ያገለግላል ማለት ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ለኖሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሰው ግን ጠጉርን ከመረዳት ይልቅ መመደብ ይቀናዋል። አንድሬ ዎከር የተባለው አሜሪካዊ የጠጉር ባለሙያ፣ የኦፕራ ዊንፍሪን ጠጉር ይሠራ የነበረው ማለት ነው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጠጉርን ከ1 እስከ 4 በቁጥርና በፊደል መደበ። ኋላ ሌሎች ሰዎች «4ሲ» የሚል ጨመሩበት፤ ጥቅሉ የማይታየው ጠጉር መሆኑ ነው። ዛሬ እኅቶቻችን በየስልካቸው «እኔ 4ሲ ነኝ፣ አንቺ 4ቢ ነሽ» ሲባባሉ እንሰማለን። ለመግባቢያ ክፋት የለውም። ነገር ግን በአንድ ራስ ላይ ሦስት ዓይነት ጠጉር ላላት ልጅ አንድ ቁጥር ምን ይረዳታል? ደግሞም ምደባ ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በ1950 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በዘር እንዲመዘገብ የሚያስገድደው ሕግ ከወጣ በኋላ፣ የሰውን ዘር ለመለየት ከሚጠቀሙበት መንገድ አንዱ እርሳስ ነበር። እርሳሱን ጠጉር ውስጥ ይሰኩታል፤ ከወደቀ «ነጭ»፣ ተይዞ ከቀረ ነጭ አይደለም። በዚህ የተነሣ በአንድ ቤት የተወለዱ እኅትና ወንድም በተለያየ ዘር ሊመዘገቡ ይችሉ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። እርሳስ የመምህር መሣሪያ ሆኖ ሳለ ለዚህ መዋሉን ስናነብ አዝነናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ የቆየው ልማድ ጠጉሩን ለመለወጥ ሳይሆን በእጅ መልክ ለመስጠት የሚሠራ ነው። ጥቅሉ ከራሱ ካልመጣ እጅ ይሰጠዋል፤ ሹሩባ ማለት ይኸው ነው። ባዘቶው ወደ ፈትል ይለወጣል፣ መታጠፊያው ይጠበቃል፣ ጫፉ ይሸሸጋል። የአፋር ጎልማሳ በቅቤ እያሸ ጥቅልል አድርጎ ያወርደዋል። የሐመር ሴቶች በቅቤና በቀይ አፈር እየለወሱ ያድበለብሉታል። የከረዩ ወጣት ሳይጎነጉን አጎፍሮ «ጉንፉራ» ይለዋል። በትግራይ አልባሶ አለ። ለልጆችም ቁንጮ፣ ጋሜና ሳዱላ ነበሩ።

ሹሩባ የሴት ብቻ እንዳልነበረም ታሪክ ይመሰክራል። አፄ ቴዎድሮስና አፄ ዮሐንስ ሹሩባ የተሠሩ ነገሥታት ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከጠጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በሞቱበት ሥዕላቸውን የሣለው ሰው ቤተሰቦች ጠጉሩን በ1959 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡት። ሙዚየሙም መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አስረከበ። እስቲ እናስበው፤ ለዚያ ለተጎነጎነ ጠጉር ሲባል የኢትዮጵያ መንግሥትና ሙዚየሙ ተነጋግረዋል። አርበኞቻችንም በ1933 ዓ.ም. ከዱር ሲመለሱ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ጎፈሬያቸው ከጠመንጃቸው እኩል ይታያል። በ1960ዎቹ ደግሞ የከተማው ወጣት ያንኑ ጎፈሬ «አፍሮ» ብሎ ከውጭ እንደመጣ ፋሽን ተቀበለው! ከቤቱ ወጥቶ ዞሮ ተመለሰ ማለት ነው።

አሁን ወደ እንክብካቤው። በግቢያችን ትልቁ ክርክር ቅቤ ነው። አንዱ ወገን «ቅቤ ጠጉር ያሳድጋል» ይላል፤ ሌላው «ሽታው አያስቀምጥም፣ የድሮ ነገር ነው» ይላል። እውነቱ ከሁለቱም ለየት ያለ ነው። ቅቤ አብዛኛው ስብ ነው። ስብ ጠጉርን አያጠጣም፣ ሥሩንም አይመግብም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጠጉሩ ውስጥ ያለው ርጥበት ተንኖ እንዳይወጣ መክደን፣ ዘለላ ከዘለላ ሲፋተግ ማለስለስ ነው። ስለዚህ ስብራቱ ይቀንሳል፤ ያደገው ይቀራል። እናቶቻችን «አሳደገው» የሚሉት ይህንን ዓይተው ነውና ከእውነት አልራቁም። ነገር ግን ለሁለት ሳምንት ውኃ ባልነካው ደረቅ ጠጉር ላይ ቅቤ መከመር ባዶ ድስት ላይ ክዳን መግጠም ነው። ቀድሞ ውኃ፣ ከዚያ ቅቤ። መጠኑም የጣት ጫፍ የሚያወዛ ያህል ይበቃል፤ ትራስ እስኪርስ አያስፈልግም። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ከሆነ መዓዛውም ጥሩ ነው። ቅቤ ያልተመቸው የጉሎ ወይም ሌላ ዘይት ይጠቀም፤ ሥራው አንድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ፎረፎር ያለበት ሰው ቅቤውን የራስ ቆዳው ላይ ባያደርገው ይሻላል። ፎረፎርን የምታባብሰው ረቂቅ ፈንገስ የምትኖረው በስብ ነውና፣ ቅቤ ስንጨምርላት ግብዣ አደረግንላት ማለት ነው። ለዚህ ሰው ጫፍ ጫፉ ብቻ ይበቃዋል።

አጠባቡስ? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት በእኛ ግቢ «ቧንቧ ሥር ቁሙ» ብሎ መምከር ቀልድ ይሆናል። አንድ ባልዲና አንድ ጆግ ይበቃል። ጠጉሩን ከመርጠቡ በፊት አራት ወይም ስድስት ቦታ ከፍሎ ላላ አድርጎ መጎንጎን፤ እንደተከፈለ ማጠብ። እንዲህ ሲሆን አይተበተብም፣ ውኃም ይቆጥባል። ሳሙናው ለራስ ቆዳ ነው፤ ጫፉን ሲለቀለቅ የሚወርደው አረፋ ያጥበዋል። የልብስ ሳሙና ግን ይቅር። አልካሊነቱ ስለሚያይል የጠጉሩን ቅርፊት ይከፍትና ሻካራ ያደርገዋል። ኮንዲሽነር መግዛት ለማንችል ተልባ አለልን፤ ሁለት ማንኪያ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀቅሎ፣ እንደ ንፍጥ ሲያያዝ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ነው። (ስሙ ደስ አይልም፣ ሥራው ግን ደስ ይላል።) ያንን ጠጉር ላይ ሲቀቡት ዘለላዎቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ሲደርቅም ብን ማለቱን ይቀንሰዋል። ቀሪው ቶሎ ስለሚበላሽ በማግስቱ ቢደፋ ይሻላል።

የማበጠር ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ ከጠጉራችን አብዛኛው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነውና። ብዙዎቻችን ጠዋት ደወል ሲደወል ደረቁን ጠጉር ከሥሩ ጀምረን ወደ ላይ እንጎትታለን፤ ቿ ቿ የሚለው ድምፅ የመታጠፊያዎቹ ስብራት ነው። ይህ ጠጉር የሚበጠረው እንደረጠበና እንደለሰለሰ፣ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር እየቀረቡ ነው። ጥርሱ የሰፋውን ከሱቅ መፈለግ እንኳ አያሻንም፤ የአያቶቻችን የእንጨት ሚዶ ልኩ እሱ ነው። በየቀኑ ማበጠርም ግዴታ አይደለም። ሳምንቱን ሹሩባ ሆኖ የከረመ ጠጉር አልተበጠረም ብሎ ቆሻሻ የሚለው ካለ አያውቅምና እንንገረው። ማታ ሻሽ ማሰርም ለወግ ብቻ አይደለም፤ የጥጥ ትራስ ወዙን ይመጣል፣ ጠጉሩን ይፈትጋል፣ ልሙጥ ሻሽ ግን አይመጥም።

ሹሩባም ቢሆን ልክ አለው። ግንባር እስኪወጠር፣ ቅንድብ እስኪነሣ የተጎነጎነ ጠጉር ከሥሩ እየላላ ይመጣል። በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል የሳሳ ጠጉር ያላቸው እኅቶቻችንን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው መወጠር ነው። ቶሎ ከተተወ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። ራስ ምታት ካስያዘን ሹሩባ «ነገ ይለቃል» ማለት የለብንም፤ ያኔውኑ ይፈታ።

ሪላክሰር የሚቀቡም አሉን። ፍርድ ልንሰጥ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ግን እንወቅ። የጠጉርን ቅርጽ ከሚይዙት ነገሮች ዋናው በሰልፈር የተሠሩ ድልድዮች ናቸው። ሪላክሰር እነዚህን ድልድዮች ሰብሮ ጠጉሩን ያስተኛል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሳሙና የሚሠራበትና የተደፈነ ቧንቧ የሚከፈትበት ቅመም ነው። ቆዳ ሲነካ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ደግሞም የተቀባው እንጂ አዲስ የሚበቅለው አይለወጥም፤ አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠጉሩ ይበጠሳል። በአሜሪካ ከ33,000 በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ የጠጉር ማለስለሻ አዘውትረው በሚጠቀሙት ላይ የማሕፀን ካንሰር ይበልጥ ታይቷል። ጥናቱ አብረው መገኘታቸውን አሳየ እንጂ «ያመጣው ይህ ነው» ብሎ አልደመደመም። ቢሆንም ለአሥር ዓመት ልጅ ሪላክሰር የምትቀባ እናት ይህን ብታውቅ ደግ ነው።

እናቲቱን ወደዚያ ማን ይገፋታል? አንዳንዴ እኛው መምህራን ነን። አንደኛ ደረጃ ስንማር በሰልፍ ሰዓት የጠጉር ቁጥጥር ነበር። ሉጫ ጠጉር ያላት ልጅ ለቃው ብትመጣ ዝም ትባላለች፤ የሌላዋ ጠጉር ተነፋ ተብሎ «አበጥረሽ ነይ» ተብላ ትመለሳለች። አበጥራ እኮ ነው የመጣችው! ወንዱ ልጅ ደግሞ አናቱ ላይ በመቀስ መስመር ይወጣበታል። «ከርዳዳ» የሚለው ቃል ከመምህር አፍ ወጥቶ ለዓመታት የልጅ መጠሪያ ሲሆን ሰምተናል። በሌላ አገርም ይህ አለ። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጎፈሯችሁን አስተካክሉ መባላቸውን ተቃውመው ተሰለፉ፤ የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ኃላፊ የጠጉር ደንቡ እንዲታገድ አደረገ። ንጽሕናን መቆጣጠር ተገቢ ነው፤ እኛም እንቆጣጠራለን። ነገር ግን የምንቆጣጠረው ቅማል፣ ቁስልና እድፍ ነው እንጂ የጠጉሩን ቁመናና ጥምዝ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ ብን ያለ ጠጉር ንጹሕ ጠጉር ነው።

ቁጥጥሩ በእውነት የሚጠቅመው ለራስ ጭርት ነው። ይህን ሁላችንም ልንለየው ይገባል። በሕፃኑ ራስ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ጠጉሩ የተበጠሰበት፣ ቅርፊት የያዘ ቦታ ከታየ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። በማበጠሪያ፣ በባርኔጣ፣ ባልጸዳ የጠጉር መቁረጫ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ወንዶች ወንድሞቻችን ጠጉር ቤት ስትገቡ መቁረጫው መጽዳቱን ጠይቁ። ሕፃኑን ፊት ለፊት ማውጣትና ከሌሎች ለይቶ ማስቀመጥ አያድነውም። በቅባት ብቻም አይድንም፤ ፈንገሱ ጠጉሩ ሥር ገብቶ ስለሚቀመጥ ለሳምንታት በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ቅቤና ነጭ ሽንኩርት እየቀቡ ወራት ማሳለፍ ጠጉሩ ሳይመለስ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል። ወላጁን ለብቻው ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው መንገር፣ በቤት ያሉት እኅትና ወንድሞቹም አብረው እንዲታዩ ማሳሰብ ነው። መድኃኒቱን ከጀመረ ልጁ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ የሚሸሽገው ሻሽ ወይም ቆብ ማድረግ ከፈለገም ይፈቀድለት፤ ብቻ ለጓደኛው እንዳያውሰው።